ድምፁ በዛ፤ ቃሉ ግን ጠፋ

ሰው አንድን ነገር አሻሽላለሁ ብሎ ሲነሣ አስቀድሞ ሊጠይቀው የሚገባው፥ «የጎደለው ምንድን ነው?» የሚለውን ነው። እኛ ይህን ሳንጠይቅ በመነሣታችን የደረሰብንንና በኋላም የተማርነውን ለአንባቢዎቻችን ልናካፍል ወደድን። ነገሩ የአንዲት አሮጌ ፒካፕ መኪና ቴፕ ነው፤ ስለ ቴፕ ብቻ ቢሆን ኖሮ ግን ብዕር ባላነሣንም ነበር።

አባታችን ይህችን ባለ ሁለት ረድፍ ወንበር ፒካፕ ለብዙ ዓመታት ነድተዋታል። በካሶኒዋ እህልም ቆርቆሮም፥ አንዳንድ ጊዜም የሠርግ ዕቃ ጭነውባታል። ዓይናቸው ደከም ሲል መሪውን ለእኛ ለልጆቻቸው ለቀቁ፤ የፊተኛውን ወንበር ግን አልለቀቁም። ከአዲስ አበባ ወደ ትውልድ አገራቸው ወደ ደብረ ብርሃን ያለው መንገድ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሰንዳፋን፥ አለልቱን፥ ሸኖንና ጫጫን ባለፍን ቁጥር «እዚህ ላይ እኮ ልጆቼ» ብለው የሚጀምሩት ጨዋታ ነበራቸው። መዝሙሩ ወይም ዜናው በቴፑ ይሰማል፤ እርሳቸው ደግሞ በመካከሉ ይጨምሩበታል። መንገዱ የሚያጥረን በዚህ ነበር።

በ2011 ዓ.ም. ግን አባታችን በመንገድ ላይ ዝም ማለት ጀመሩ። ስንጠይቃቸው የሚመልሱት አንዳንዴ ከጥያቄው ጋር አይገጥምም፤ አንዳንዴም «የዚህ ቴፕ ድምፁ ሞቷል» ብለው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ ያዞራሉ። እኛም ቃላቸውን እንደ ወረደ ተቀበልን። ድምፁ የሞተ ከሆነ ኃይል ይጨመርለት አልን።

ሦስታችንም ወንድማማቾች ስለ መኪና ድምፅ ምንም አናውቅም ነበር። ወደ መርካቶ ወርደን፥ በካርቶኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር ከሁሉ የበለጠውን አምፕሊፋየርና አንድ ትልቅ ዉፈር ገዛን። የጥገና ዋጋ ለማዳንም ካቻቢቴና ፒንሳ ይዘን በግቢያችን ራሳችን ገጠምነው። የዉፈሩ ሳጥን የኋላውን ወንበር ስለ ያዘ ሁለቱ ሕፃናት እግራቸውን አጥፈው ተቀመጡ። እኛ ግን በሥራችን ደስ ብሎን ነበር።

በመጀመሪያው ጉዞ የመኪናዋ መስተዋት ተንቀጠቀጠ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ አባታችን እጃቸውን በጆሯቸው ላይ አድርገው፥ «ልጆቼ፥ ድምፁ በዛ እንጂ ቃሉ አልተሰማኝም» አሉን። እኛ የሰጠናቸው የጠየቁትን እንዳልነበረ ያን ጊዜ ልንረዳ ይገባን ነበር፤ አልተረዳንም። ትንሽ ሲለምዱት ይሻላቸዋል ብለን ጉዟችንን ቀጠልን።

ሰንዳፋን እንዳለፍን የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተን፤ ወዲያውም ከዳሽቦርዱ ሥር ቀጭን ጢስ ወጣ። መኪናዋን ከመንገዱ ዳር አቁመን አስቀድመን አባታችንንና ሕፃናቱን አወረድን። ታናሽ ወንድማችን ኮፈኑን ከፍቶ የባትሪውን ኔጋቲቭ በቁልፍ ፈታና ነቀለው። ጢሱ ቆመ። የሽቦው ልባስ እንደ ሰም ቀልጦ ባየን ጊዜ ማናችንም አልተናገርንም። ሕፃናቱ ጨዋታ መስሏቸው ይስቁ ነበር፤ አባታችን ግን ሁሉን አይተዋል፤ የሁለቱንም እጅ ይዘው ቆሙ።

በማግስቱ መኪናዋን ወደ አንድ የታወቁ የመኪና ኤሌትሪሺያን ዘንድ ወሰድናት። እኒህ ሰው በዕድሜ የገፉና ንግግራቸው ጥቂት የሆነ ናቸው። ሥራችንን ዞር ዞር ብለው ካዩ በኋላ ጥፋታችንን አንድ በአንድ ነገሩን። ከባትሪው የተነሣው ወፍራም ሽቦ ሞተሩንና ጋቢናውን በሚለየው ብረት ቀዳዳ ሲያልፍ የላስቲክ ቀለበት አላደረግንለትም ነበር። የቀዳዳው ስለት መኪናዋ በተነቃነቀች ቁጥር ልባሱን እየቆረጠ በመጨረሻ ሽቦው ከብረቱ ጋር ተገናኘ። ከባትሪው አጠገብም ፊውዝ አልነበረም። እኛ በአምፕሊፋየሩ ላይ ያለው ፊውዝ ይበቃል ብለን ነበር። እርሳቸው ግን፥ «ያኛው የሚጠብቀው ራሱን ነው፤ ከባትሪው እስከ እርሱ ድረስ ያለውን ሽቦ ማን ይጠብቀዋል?» አሉን። ስለዚህ ዋናው ፊውዝ ከባትሪው ከ45 ሳንቲ ሜትር በማይርቅ ስፍራ መግባት አለበት፤ መጠኑም ሽቦው ሊሸከም ከሚችለው መብለጥ የለበትም።

ኃይል ማለት ምን እንደ ሆነም በቀላል ስሌት አስረዱን። የመኪና ባትሪ 12 ቮልት ነው። ስለዚህ 400 ዋት የሚጠይቅ ዕቃ ከ33 አምፔር በላይ ይስባል ማለት ነው፤ ይህን በቀጭን ሽቦ ማሳለፍ ሽቦውን ምድጃ ማድረግ ነው። በካርቶን ላይ የሚጻፈውም ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ለቅጽበት ብቻ የሚገኘው ጫፍ ነው። «50 ዋት በ4» ተብሎ የሚሸጥ ቴፕ ያለማቋረጥ የሚሰጠው ለእያንዳንዱ ስፒከር ከ15 እስከ 20 ዋት ያህል ነው። ደግሞም ኃይሉ እጥፍ ቢሆን ጆሮ የሚለየው ጥቂት ነው፤ ድምፁ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ ኃይሉ ዐሥር እጥፍ ያህል መሆን ይኖርበታል። ገንዘባችንን የት እንደ ጣልነው ያን ጊዜ ገባን። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የተባለው በእኛ ደረሰ።

ከዚህ በኋላ፥ «ለመሆኑ ማን እንዲሰማ ነው?» ብለው ጠየቁን። ስለ አባታችን ነገርናቸው። «እንግዲያው አስቀድማችሁ ሐኪም ዘንድ ውሰዷቸው» አሉን። አፈርን፤ ከሦስታችን አንዳችንም ይህን አላሰብንምና።

የጆሮ ሐኪሙ ከሁለቱም ጆሯቸው የደረቀ ኩክ ካወጣ በኋላ መስማታቸውን በመሣሪያ መረመረ። በዕድሜ ምክንያት የሚመጣ የመስማት ድካም አስቀድሞ የሚወስደው ቀጭኑን ድምፅ መሆኑን ነገረን። ወፍራሙ ድምፅ ይቀራል፤ እንደ ሰ፥ ሸና ፈ ያሉት ግን ይደበዝዛሉ። «ሰማ» የተባለው «ሸማ»፥ «ፈራ» የተባለው «ሠራ» ይመስላል። ሰውየው ድምፅ እየሰማ ቃል ይጠፋበታል። እንግዲህ ለአባታችን ዉፈር መግዛታችን የቀረላቸውን ጨምረን የጎደላቸውን መሸፈናችን ነበር። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚያስተምረው ደግሞ 80 ዲሲቤል ድምፅ በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ድረስ ቢሰማ ለጆሮ አያሰጋም፤ 90 ሲደርስ ግን የሚፈቀደው 4 ሰዓት ብቻ ነው። የሕፃናቱንም ጆሮ አስቦ ያልነበረ ሥራ ነው የሠራነው። ሐኪሙ የመስሚያ መሣሪያ መከራቸው፤ አባታችን ለጊዜው ይቆየኝ አሉ።

ወደ ኤሌትሪሺያኑ ተመለስን። ዉፈሩ ወጣ፤ ሕፃናቱ እግራቸውን ዘረጉ። አሮጌዎቹ የበር ስፒከሮች ወረቀታቸው ተቀዶ ስለ ነበር በመጠነኛ አዲስ ስፒከሮች ተለወጡ። የበሩ ውስጥ ብረት መንቀጥቀጡ እንዲቀር ከበድ ያለ ተለጣፊ ንጣፍ ተደረገለት፤ ቀዳዳዎቹም ተደፈኑ። ይህ የሆነበት ምክንያት ከስፒከር ጀርባ የሚወጣው ድምፅ በቀዳዳው ዞሮ ከፊተኛው ጋር ሲገናኝ ስለሚያጠፋው ነው። ያረጀው የበር ላስቲክም ተቀየረ፤ የነፋሱ ጩኸት ቀነሰ።

አንዱን ሥራ እኛው እንድንሠራ ፈቀዱልን። የስፒከሮቹ ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ እንዳይገለባበጥ አንዲት የ1.5 ቮልት የእጅ ባትሪ ድንጋይ ለቅጽበት ታስነካለች፤ ወረቀቱ ወደ ውጭ ከወጣ ፖዘቲቩ ከፖዘቲቭ ጋር ተገናኝቷል ማለት ነው። አንዱ ስፒከር ከተገለበጠ አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል፤ ወፍራሙም ድምፅ ይጠፋል። በማናቸውም ቤት ያለ ጀማሪ ያለ አደጋ ሊሠራው የሚችል ነው። የአምፕሊፋየሩ ኔጋቲቭም አጭር ሆኖ፥ ቀለሙ በብርጭቆ ወረቀት ከተፋቀ ባዶ ብረት ላይ እንዲታሰር፥ የድምፁ ገመድም ከኃይሉ ሽቦ ተለይቶ በሌላው ወገን እንዲያልፍ አደረጉ። ይህ ካልሆነ ሞተሩ በተነሣ ቁጥር ከዲናሞው የሚመጣ ፉጨት ከመዝሙሩ ጋር ይሰማል። በመጨረሻም ቤዙን ዝቅ፥ ትሬብሉን ጥቂት ከፍ አድርገው፥ «ከዚህ በላይ አትንኩት» አሉን።

የጥምቀት ሰሞን ወደ ደብረ ብርሃን ተጓዝን። ቴፑ ከበፊቱ እኩሌታ ዝቅ ብሎ ይሰማ ነበር። አባታችን ጥቂት ካዳመጡ በኋላ የመዝሙሩን ቃል በከንፈራቸው ይከተሉ ጀመር። ሁሉንም ሰሙ ለማለት አንደፍርም፤ አንዳንዱን ዛሬም በግምት ይሞሉታል፤ እኛም ስናናግራቸው ፊታችንን መልሰን ቀስ ብለን መናገር ተምረናል።

ሸኖን አልፈን ወደ ጫጫ ስንቃረብ እጃቸውን ዘርግተው ቴፑን ራሳቸው ዘጉት። የከፋቸው መስሎን ደነገጥን። እርሳቸው ግን ወደ ኋላ ወደ ሕፃናቱ ዞሩና፥ «እዚህ ላይ እኮ ልጆቼ» ብለው ጀመሩ።