መርፌ በመንገድ ላይ

ወደ ሸርቆሌ የሄድነው ሦስት ሆነን ነው። ጊዜው ጥር 2006 ዓ.ም. ነበር። ሁለታችን የማታ ትምህርት አስተማሪዎች ነን። ሦስተኛዋ እትዬ ናቸው። እትዬ ፊደል የቆጠሩት በሃምሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። መርፌ የያዙት ግን በሰባት ዓመታቸው ነው።

እኛ ሁለታችን ሸርቆሌ ላይ ጎልማሶች የሚማሩበትን ክፍል ለማየት ፈቃድ አግኝተን ነበር። እትዬ ደግሞ አሶሳ ድረስ አብረውን ይመጣሉ። ልጃቸው አሶሳ ነርስ ናት። ታኅሣሥ 20 ቀን ወንድ ልጅ ተገላገለች። ክርስትናው በአርባ ቀኑ፣ ጥር 29 ቀን ሊሆን ተቆረጠ። እትዬ ለክርስትናው ብርድ ልብስ እየሰፉ ነበር።

ብርድ ልብሱ የሚሠራው ከቁርጥራጭ ጨርቅ ነው። ቁርጥራጩ ከሟች እናታቸው ቀሚስ፣ ከባለቤታቸው ሸሚዝ፣ ልጃቸው ሕፃን ሳለች ከለበሰችው ልብስ የወጣ ነው። ጎረቤቶቻቸው «እትዬ፣ ለልጅ ልጅዎ ድሪቶ ሊያለብሱት ነው?» እያሉ ሳቁ። እሳቸውም «አዎን ድሪቶ ነው፤ የዘመዶቹ ድሪቶ ነው» አሉ።

እንዲህ ያለውን ሥራ የሚያውቅ ሌላም አገር አለ። በባንግላዴሽና በሕንድ አገር በቤንጋል ሴቶች ያረጀ ልብስ ደራርበው፣ ገባ ወጣ በሚል ስፌት ይሰፉታል። ካንታ ይሉታል። በአሜሪካም ከቁርጥራጭ ጨርቅ ብርድ ልብስ የሚሰፉ ብዙ ናቸው። አንዳንዶቹ አልጋና ማድቤት ባለው መኪና አገር ላገር እየዞሩ፣ በየደረሱበት መርፌያቸውን ያወጣሉ። እኛ ግን የተሳፈርነው በአውቶቡስ ነው። አልጋውም ማድቤቱም የለም፤ ጉልበትም መዘርጊያ የለም።

የእትዬ ብርድ ልብስ ሠላሳ ቁራጭ አለው። እያንዳንዱ ቁራጭ በአራቱም ጎን አንድ ስንዝር ነው። ጥር 18 ቀን ከአዲስ አበባ ስንነሣ አሥራ ዘጠኙ አልቀዋል። አሥራ አንድ ቀርተዋል። እስከ ክርስትናው ያለው ቀንም አሥራ አንድ ነው። እትዬ «በቀን አንድ» ብለው አሰሉ። ቁራጮቹን እርስ በርስ መግጠም እንዳለ ማን ያስታውሳቸው!

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ አውቶቡሱ ተነሣ። ሆለታን አልፈን ሲነጋ እትዬ ከረሜላ የነበረበትን ቆርቆሮ አወጡ። ሙሉውን ብርድ ልብስ ጭኖ መስፋት አይቻልም። ስለዚህ በቆርቆሮው ውስጥ የያዙት የዕለቱን ቁራጭ ብቻ ነው። መቀሱ በገመድ ከቆርቆሮው ጋር ታስሯል። ክሩን ሲቆርጡ ከአንድ ክንድ አያስበልጡም፤ ረጅም ክር ይቋጠራል። የተቆረጠውን ክር በድቡልቡል ሰም ላይ ጎተት ያደርጉታል። ሰም የነካው ክር አይጠላለፍም።

ቀይ ክር ሲሆን ደግሞ አስቀድመው በፈላ ውሃ ነክረው፣ በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ያሳድሩታል። ነጩ ጨርቅ ቀልቶ ካደረ ያ ክር ለሕፃን ልብስ አይሆንም። «ቀይ ክር ውሸታም ነው» ይላሉ። በዚህ ነገር ቀልድ አያውቁም።

አስፋልቱ ቀጥ ሲል ይሰፋሉ። መንገዱ ሲጠማዘዝ መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰክተው እጃቸውን ያጣጥፋሉ። አምቦን፣ ጉደርን፣ ባኮን እንዲህ አለፍን። ነቀምት ገብተን ስናድር ሦስት ቁራጭ አልቋል። ቀሪው ስምንት ሆነ። እትዬ ደስ ብሏቸው ራታቸውን ጠግበው በሉ።

በማግሥቱ ዴዴሳ ወንዝ አጠገብ ከብቶች መንገድ ገቡ። ሾፌሩ በኃይል ፍሬን ያዘ። ሁላችንም ወደፊት ተወረወርን። የእትዬ መነጽር ወለሉ ላይ ወደቀ። የማን እግር እንደረገጠው አልታወቀም። አንዱ መስታወት ደቀቀ፤ ሌላው ለሁለት ተሰነጠቀ።

እናንተ አንባቢዎቻችን፣ በተለይ ዕድሜያችሁ የገፋ፣ ይህን ነገር ታውቁታላችሁ። የመርፌ ቀዳዳ ያለ መነጽር የለም ማለት ነው። እትዬ ክሩን ምላሳቸው ላይ እያረጠቡ ሞከሩ፤ አልሆነም። እኛ እናስገባልዎ አልናቸው። ሁለት ጊዜ ካስገባንላቸው በኋላ ቆርቆሮውን ዘጉት። ግምቢን፣ ነጆን፣ መንዲን፣ ባምባሲን ስናልፍ አንድ ቃል አልተናገሩም። ከአዲስ አበባ 650 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘን አሶሳ ስንደርስ መሽቶ ነበር።

አሶሳ የማንጎ ከተማ ናት። በየግቢው ማንጎ አለ። ሕፃኑም ደህና ነው፤ አራሷም ደህና ናት። ነገር ግን ለእትዬ ዓይን የሚሆን መነጽር ፈልገን አጣን። አራሷ ክር አስገብታ ልትሰጣቸው ብትሞክርም «አንቺ ልጅሽን አጥቢ» አሏት። አራት ቀን እንዲሁ አለፈ። ስምንቱ ቁራጮች ስምንት እንደሆኑ ቀሩ።

ጥር 24 ቀን ወደ ሸርቆሌ ስንሄድ «ይምጡና አየር ይለውጡ» ብለን እትዬን ይዘናቸው ወጣን። ሸርቆሌ ከአሶሳ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። መንገዱ በሆሞሻ በኩል ወደ ሱዳን ድንበር፣ ወደ ኩርሙክ የሚወስደው ነው። ወደ ቆላው በወረድን መጠን ሙቀቱ ጨመረ። ሽመል በየሸንተረሩ ቆሟል። የአገሩ ሰዎች በርታዎች ናቸው። ከበርታ ቋንቋ ሌላ ዓረብኛ የሚናገሩ ብዙዎች ናቸው። ሴቶቹ ወንዝ ዳር አሸዋ እያጠቡ ወርቅ ያወጣሉ።

የሸርቆሌ የስደተኞች መጠለያ የተከፈተው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1997 ነው። በዚያን ጊዜም ከዚያ ወዲህም ከሱዳን ጦርነት የሸሹ ሰዎች ገብተውበታል። በ2003 ዓ.ም. መጨረሻ በሱዳን በብሉ ናይል ግዛት ውጊያ ሲነሣ ብዙ ሺህ ሰው በኩርሙክ በኩል ተሻገረ። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በተነሣው ጦርነትም ሰው በዚያው በር እንደገና ገብቷል። በሩ አንድ ነው፤ ጦርነቱ ብቻ ይቀያየራል።

ትምህርቱን አይተን ስንወጣ አንዲት አሮጊት ዛፍ ሥር ተቀምጠው አየን። ጉልበታቸው ላይ ትልቅ ነጭ ጨርቅ ተዘርግቷል። ጨርቁ ላይ አበቦችና ወፎች በቀይ፣ በአረንጓዴ፣ በቢጫ ክር ተጠልፈዋል። እትዬ ቆሙ። አስተርጓሚያችን የበርታ ወጣት ነው፤ አሮጊቷን «ሐቦባ» ብሎ ጠራቸው። በሱዳኖች ዓረብኛ አያት ማለት ነው። ጨርቁም ሚላያ ይባላል፤ የአልጋ ልብስ ነው። ሴቶች በእጃቸው ይጠልፉታል። ሠርግ ሲሆን ይሰጣል፤ እንግዳ ሲመጣ ይነጠፋል፤ ሲቸግር ይሸጣል።

ሐቦባ ሌሎቹን ሚላያዎች ሸጠዋል። ይህን ግን አልሸጥም ብለዋል። የጀመሩት ድንበሩ ማዶ ቤታቸው ሳለ ነው። ለልጃቸው ነው። ልጃቸው የት እንዳለች አያውቁም። የልጅ ልጃቸው ብቻ አብሯቸው አለ።

«ሲሸሹ ጥልፍ ይዘው ወጡ?» ብለን ጠየቅናቸው።

ሐቦባ ሳቁ። «ማሽላ ልቋጥርበት ነው የያዝኩት። ማሽላው መንገድ ላይ አለቀ፤ ጨርቁ ቀረ። ቀን ቀን አውሮፕላኑን ፈርተን ዛፍ ሥር ተኝተን እንውላለን። እጅ ሥራ ሲፈታ ጆሮ ይበረታል። ጆሮዬ እንዳይሰማ ሰፋሁ።»

ከዚያ በኋላ ነው ዓይናቸውን ልብ ያልነው። ሁለቱም ዓይኖቻቸው ሞራ ጋርዷቸዋል። እትዬ ተጠግተው ተቀመጡ። «እህቴ፣ ታዲያ ክሩን ማን ያስገባልዎታል?» አሉ።

ሐቦባ ከጎናቸው የተጠቀለለ ጨርቅ አንሥተው ፈቱ። አሥራ ሁለት መርፌዎች ተደርድረው ተሰክተዋል። ሁሉም ክር ገብቶባቸዋል። የልጅ ልጃቸው ጠዋት ትምህርት ቤት ሳይሄድ አሥራ ሁለቱንም ያስገባላቸዋል። አንዱ ሲያልቅ ሌላውን ያነሣሉ። ማንንም አይጠሩም። ልጁ እስኪመለስ ይበቃቸዋል።

መስመሩንስ እንዴት ያዩታል? አያዩትም። ጨርቁን በአውራ ጣታቸው ጥፍር ጫን አድርገው ያሰምሩታል። መስመሩ ይሰረጉዳል። የግራ እጃቸው ጣት በዚያ ስርጉድ ላይ ይሄዳል፤ መርፌው ጣቱን ይከተላል። የእትዬን እጅ ይዘው አሳዩአቸው። እትዬ ዓይናቸውን ጨፍነው ስድስት ጊዜ ወጉ። ሁለት ጊዜ ጣታቸው ደማ። ሰባተኛው ቀጥ አለ።

ቡና ተፈላ። ቡናው እስኪደርስ ሐቦባ ከእትዬ ቆርቆሮ አንድ ነጭ ቁራጭ ወስደው፣ አንዲት ትንሽ ቀይ ወፍ ጠለፉበት። እትዬ ድቡልቡሉን ሰም ሰጧቸው። ሐቦባ ክራቸውን በሰሙ ላይ ጎተት አድርገው አሸተቱት። «ማር ማር ይላል» አሉ። ለቀይ ክር በፈላ ውሃ መሞከር እንዳለበት እትዬ አልጠየቁም፤ ነውር ነው። በመኪና ስንመለስ ግን ወፊቱን ደጋግመው በጣታቸው ሲዳስሱ አየናቸው።

ሰባት ቁራጭ ቀረ። ከጥር 25 ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ እኛ ሁለታችን አሥራ ሁለት መርፌ ክር እናስገባለን። አስተማሪ ነን ብለን እንጂ ለዚህ ሥራ ሰነፎች ነበርን። እትዬ ያን ጊዜ አልተቆጡም፤ መርፌው የሚገባው ከሥራው በፊት ነውና ሲሰፉ የማንም ዓይን አያስፈልጋቸውም። ቁራጮቹን በመግጠሙ ሥራ አራሷም አገዘች። ጥር 28 ቀን ሌሊት አለቀ። በአንድ በኩል ስፌቱ ትንሽ ዘመም ብሏል። እትዬ እንዳይፈታ ከለከሉ።

በክርስትናው ዕለት ሕፃኑ በብርድ ልብሱ ተጠቅልሎ ሄደ። ገና ከቤተ ክርስቲያን ሳይመለስ አራሰው። እትዬ ማንንም ሳይጠብቁ በሙቅ ውሃ ነከሩት። አጠገባቸው ቆመን ውሃውን አየን። ውሃው ነጭ ነበር። ወፊቱ እንደቀላች ናት።