ስለ ጁልየን ቦንድ መሐላ

በምክር ቤት ተቀምጦ ሕግ የሚያወጣ ሰው እንዴት ያለ ነው ተብሎ ቢጠየቅ፥ ብዙ ሰው የሚያስበው አንደበቱ የተባ፥ ወዳጁ የበዛ፥ ጊዜውንም አይቶ መዞር የሚያውቅ ሰው ነው። እኔ ግን የእንደራሴነት ነገር በተነሣ ቁጥር ትዝ የሚለኝ፥ ጓደኞቹ ሁሉ ቃለ መሐላ ሲፈጽሙ አንተ ቈይ ተብሎ ወደ ዳር የተደረገው የጆርጂያው ጁልየን ቦንድ ነው። ከዚህ በታች የምጽፋቸው ዓመቶች ሁሉ በኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ቦንድ በ1940 በናሽቪል ከተማ ተወለደ። አያቱ በባርነት ተወልዶ ኋላ ቄስ ለመሆን የበቃ ሰው ነበር፤ አባቱም ሆሬስ ማን ቦንድ በፔንሲልቫኒያ የሚገኘውን የሊንከን ዩኒቨርሲቲ ከጥቁሮች ወገን በመጀመሪያ የመራ ሊቅ ነው። ልጁ በአትላንታ በሞርሃውስ ኮሌጅ ሲማር ሳለ ትምህርቱን አቋርጦ፥ ጥቁር ሕዝብ በምሳ ቤት ከነጮቹ እኩል እንዲቀመጥና በምርጫም ድምፅ እንዲሰጥ ከሚደክሙት ወጣቶች ማኅበር ገባ። በዚያም ሥራው ለጋዜጦች ወሬ መጻፍና መላክ ነበር። ትምህርቱን የፈጸመው በ1971 ነው፤ በዚያን ጊዜ ግን ራሱ የምክር ቤት አባል ሆኖ ነበር።

በ1965 የጆርጂያ የምርጫ ወረዳዎች በፍርድ ቤት ትእዛዝ እንደ ሕዝቡ ቍጥር እንደ ገና ስለ ተከፈሉ፥ ቦንድ በ25 ዓመቱ ለሕግ መምሪያው ምክር ቤት ተመረጠ። ምክር ቤቱ ሊከፈት ጥቂት ቀን ሲቀረው፥ ጥር 6 ቀን 1966፥ ማኅበሩ የቬትናምን ጦርነት የሚነቅፍና ለውትድርና ተጠርተው እንቢ ለሚሉት የሚያዝን ቃል አወጣ። ቃሉን የጻፈው ቦንድ አልነበረም። የወሬ ሰው በስልክ ቢጠይቀው ግን፥ እኔም በዚህ እስማማለሁ አለ። ያን ጊዜ አላነበብሁትም ማለት በቻለ ነበር፤ ብዙ ፖለቲከኛ እንዲሁ ባለ ነበር።

ጥር 10 ቀን ምክር ቤቱ በ184 ድምፅ፥ በ12 ተቃውሞ፥ ቦንድ እንዳይቀመጥ ወሰነ። ምክንያታቸውም፥ እንዲህ ብሎ የተናገረ ሰው ሕገ መንግሥቱን እጠብቃለሁ ብሎ በእውነት ሊምል አይችልም የሚል ነበር። ቦንድ ግን ለመማል ዝግጁ ነኝ አለ። የውትድርና መዝገብ ወረቀቱም በኪሱ እንዳለ፥ ማንንም ወረቀትህን አቃጥል ብሎ እንዳልመከረ፥ ነገር ግን ቅጣቱን እያወቁ ይህን የሚያደርጉትን ሰዎች ድፍረት እንደሚያደንቅ መለሰላቸው። ይህችን የመጨረሻይቱን ቃል ቢተዋት ምናልባት ይምሩት ነበር።

ስለ እነዚያ 184 ሰዎች ስናስብ ሁሉንም ክፉዎች ማለት አይገባም። ጦርነት ነበር፤ የጆርጂያም ልጆች በሩቅ አገር ይሞቱ ነበር፤ ልጁን የላከ አባት እንዲህ ያለውን ቃል በቀላሉ አይሰማም። ነገር ግን የቦንድን ቆዳ ነጭ አድርገን ነገሩን ብናስበው፥ ፍርዱ እንዲሁ ይሆን ነበር ብሎ የሚምል ሰው ማግኘት ያስቸግራል። ቄስ ዶክቶር ማርቲን ሉተር ኪንግም፥ ቤተ ክርስቲያናቸው በዚያው በአትላንታ ነበረና፥ ሰልፍ እየመሩ ወደ ምክር ቤቱ አደባባይ ሄዱ።

ሦስት ዳኞች የተቀመጡበት የፌዴራል ችሎት ሁለት ለአንድ በቦንድ ላይ ፈረደ። የወረዳው ሕዝብ ግን በየካቲት መልሶ መረጠው፤ እንደ ገናም ተከለከለ፤ በኅዳር ለሦስተኛ ጊዜ መረጠው። እንዲህ ያለ የማይታክት ሕዝብ በታሪክ ብዙ አይገኝም፤ ስለ ቦንድ የሚጽፉ ሰዎችም ፍርድ ቤቱን ሲያመሰግኑ ይህን ሕዝብ የሚረሱት ለምን እንደ ሆነ አይገባኝም።

ታኅሣሥ 5 ቀን 1966 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በዘጠኙም ዳኞች ድምፅ ለቦንድ ፈረደ። ፍርዱን የጻፉት የዳኞቹ አለቃ፥ በቀድሞው ዘመን በኛ አገር አፈ ንጉሥ እንደሚባለው፥ ኧርል ዋረን ነበሩ። የነገሩ ፍሬ ይህ ነው፤ መንግሥት ከተመረጠው ሰው መሐላ ሊጠይቅ ይችላል፤ የምክር ቤቱ ብዙዎች ግን የሰውየው መሐላ ከልቡ መሆኑን አለመሆኑን ሊመረምሩ አይችሉም። የሕዝብ እንደራሴም ስለ መንግሥቱ አካሄድ ሐሳቡን የመግለጥ መብቱ ከተራው ሰው አያንስም።

በመሐላ ብዙ የሚደክሙ ካህናትና ዳኞች ይህን ፍርድ አጥብቀው ቢመለከቱት መልካም ነው። መሐላ የሚያስምል ሰው የሚሰማው ቃሉን ብቻ ነው። ልብን እኔ አየዋለሁ ካለ ግን፥ ሥልጣኑ ያልሆነውን ወስዷል፤ ዛሬ በቦንድ የጀመረው ነገ የማይወደውን ሁሉ ውሸታም እያለ ከደጅ ይመልሳል። ከቃሉ ወጥቶ ቢገኝ የሚቀጣበት ሕግ አለ።

ቦንድ በጥር 1967 ምሎ ተቀመጠ። በ1968 በቺካጎ በተደረገው የዲሞክራቶች ጉባኤ ለምክትል ፕሬዚዳንትነት ስሙ ቢጠራ፥ ሕገ መንግሥቱ 35 ዓመት ይጠይቃልና፥ እሱ ገና 28 ዓመቱ ስለ ነበረ ስሙን አነሣ። ከ1975 ጀምሮ እስከ 1987 ድረስ በሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ተቀመጠ። በዚያም ከሠራው ሁሉ የሚታወቀው፥ በአትላንታ ጥቁሮች የሚበዙበት የኮንግሬስ ምርጫ ወረዳ እንዲከለል መድከሙ ነው።

ያንንም ወንበር በ1986 እሱ ራሱ ፈለገው። የተወዳደረው ግን ከጆን ሉዊስ ጋራ ነበር፤ ሉዊስም ያ የጦርነቱ ቃል በወጣ ጊዜ የማኅበሩ ሊቀ መንበር የነበረው የልብ ወዳጁ ነው። በመጀመሪያው ዙር ቦንድ ቢበልጥም እኩሌታውን አላለፈም፤ በሁለተኛው ዙር ሉዊስ አሸነፈው፥ እስኪሞትም ድረስ፥ እስከ 2020፥ በዚያ ወንበር ተቀመጠ። ወዳጅነታቸው በዚያ ዘመቻ ክፉኛ ተጐዳ።

ቦንድ ከዚያ በኋላ በቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ አስተማረ፤ ከ1998 እስከ 2010 ደግሞ ለጥቁሮች መብት የቆመውን ታላቁን ማኅበር በሊቀ መንበርነት መራ። በነሐሴ 2015 በ75 ዓመቱ ሞተ። አመዱ በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ሲበተን፥ ቤተ ሰቡ የወደደው ሰው ሁሉ በዚያው ሰዓት በየአገሩ ወዳለ ውኃ ሄዶ አበባ እንዲጥልለት ለመኑ።