አንድ እሑድ በዓባይ ዳር

የባሕር ዳርን ሰው «ዓባይን ታውቀዋለህን?» ብሎ የሚጠይቀው ቢገኝ ነገሩን እንደ ቀልድ ሳይቈጥረው አይቀርም። ዓባይ ከጣና ወጥቶ በከተማው ጫፍ ሲያልፍ ሁልጊዜ የሚያየው አይደለምን? እኔም በጸሓፊነት ተቀጥሬ በዚህች ከተማ ስኖር ስምንት ዓመት ሆነኝ። ነገር ግን ድልድዩን በተሻገርሁ ቍጥር ዓይኔን የምጥለው በወንዙ ላይ ሳይሆን በሰዓቴ ላይ ነበር። በ2016 ዓ.ም. ግንቦት ውስጥ 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ ድልድይ ሲመረቅ እንኳ ያደነቅሁት ድልድዩን እንጂ ውሃውን አልነበረም። ወንዙን በእውነት ያየሁት ባለፈው ጥር፥ ከጥምቀት በኋላ በዋለው እሑድ ነው። እርሱም ቢሆን ታስቦበት የተደረገ አይደለም።

እናቴ ከፎገራ ለበዓሉ መጥታ በቤታችን ሰንብታ ነበር። ያን ቀን ከምሳ በኋላ ቡና ተፈልቶ ስንጠጣ፥ የሰባት ዓመት ልጄ የሳለችውን ሥዕል አምጥታ ለአያቷ አሳየቻት። ሥዕሉ ሁለት ቀንድ ያበቀለ ወፍራም እንስሳ ነው።

«ይኸ ደግሞ ምንድን ነው?» አለች እናቴ።

«ጉማሬ ነዋ፥ እማማ!»

እናቴ ከት ብላ ሳቀችና፥ «የዓባይ ዳር ልጅ ሆነሽ ለጉማሬ ቀንድ ታወጪለታለሽ?» አለቻት። ታላቅ ወንድሟ ደግሞ፥ «አባዬም እኮ አይቶ አያውቅም» ብሎ አጋለጠኝ። ባለቤቴ ይህን ስትሰማ የቀረውን ቡና በፔርሙዝ ገለበጠች፤ ድፎውን በጨርቅ ጠቀለለችና፥ «እንግዲያስ ምን ያስቀምጠናል?» ብላ ተነሣች። ጕዞው የተወሰነው እንዲህ ነው። አምስታችንም በአንድ ባጃጅ ተጨናንቀን ወደ ቤዛዊት ኮረብታ አቅጣጫ ሄድን።

እውነቱን ለመናገር፥ ጉማሬ የሚለውን ቃል መጀመሪያ ያወቅሁት በእንስሳው አይደለም። አባቴ በበቅሎ ሲሄድ ከእጁ የማይለየው አለንጋ ስሙ ጉማሬ ነበር። ከዚሁ እንስሳ ቆዳ ስለሚሠራ ስሙንም ከእርሱ ወርሷል። በልጅነቴ ከብት ጠፍቶብኝ ወደ ቤት ስመለስ «ጉማሬውን አምጡልኝ» ሲባል የምሸሸው ከወንዝ ሳይሆን ግድግዳ ላይ ከተሰቀለው ነበር። የቀድሞ ሰዎችም ከቆዳው ጋሻ ይሠሩ ነበር። ስለዚህ ብዙዎቻችን ጉማሬን የምናውቀው በሬሳው እንጂ በሕይወቱ አይደለም ማለት ይቻላል።

ከወንዙ ዳር ከፍ ካለ ቦታ፥ ከአንድ ትልቅ ዋርካ ሥር ተቀመጥን። ጊዜው ወደ 10 ሰዓት ገደማ ነበር። ከደንገል በተሠራ ታንኳ ላይ የተቀመጠ ዓሣ አጥማጅ መረቡን ቀስ እያለ ይስባል። ነጫጭ ወፎች በውሃው ዳር ተሰልፈዋል። ከእነዚህ አካባቢ ወፎች ብዙዎቹ የአውሮፓን ብርድ ሸሽተው የሚመጡ እንግዶች መሆናቸውን ለልጆቹ ነገርኋቸው፤ ጥር ለጣናና ለዓባይ የወፍ ወራት ነውና። ነገር ግን ልጆቹ የመጡት ለወፍ አልነበረም። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ያየነው በውሃው መካከል ያሉትን ጥቋቍር ድንጋዮች ብቻ ስለ ነበረ፥ ወንዱ ልጅ «የለም፤ እንሂድ» ማለት ጀመረ።

በዚህ ጊዜ ከድንጋዮቹ አንዱ ጆሮውን አራገፈ።

ትንሿ ጮኸች፤ እናቷም አፏን ያዘቻት። ድንጋይ ያልነው ሁሉ ጉማሬ ነበር! አንዱ እፍ ብሎ ውሃ ሲረጭ ሌላው ይሰምጣል፤ የሰመጠው ደግሞ በሌላ ቦታ ብቅ ይላል። ስንቈጥራቸው አምስት ሆኑ። ጉማሬ በውሃ ውስጥ አምስት ደቂቃ ያህል ትንፋሹን ይዞ ሊቈይ ይችላል፤ የሚሄደውም እንደ ዓሣ ዋኝቶ ሳይሆን በአብዛኛው ከሥር ያለውን መሬት እየረገጠ ነው። ከ1,500 ኪሎ ግራም በላይ የሚመዝን ሆኖ ሳለ የሚኖረው በሣር ነው። ቆዳው በፀሓይ ስለሚጐዳ ቀኑን በውሃ ውስጥ ይውላል፤ ሲመሽ ወጥቶ በአንድ ሌሊት እስከ 40 ኪሎ ግራም የሚደርስ ሣር ይግጣል።

ይህን ለልጆቹ ሳስረዳ እናቴ ዝም ብላ ታዳምጥ ነበር። በመጨረሻ፥ «ሣር ብቻ መሰለህ?» አለችኝ። እናቴ ከአባቴ ጋራ በጐጆ ውስጥ እሳት አንድደው፥ ጅራፍ እያጮኹ፥ ጓያቸውን ከጉማሬ ሲጠብቁ ያደሩበትን ሌሊት ቈጥራ አትጨርሰውም። አንድ ዓመት ድካም ጥሏቸው ቢተኙ የጓያው እርሻ ሲነጋ እንደ አውድማ ተረግጦ ተገኘ። «ያን ሁሉ ዘመን ድምፁን በጨለማ እንጂ መልኩን በቀን አላየሁትም» አለች።

ወዲያው ከአንዲቱ ጉማሬ ጀርባ ላይ አንድ ትንሽ ነገር ብቅ አለ። ግልገል ነበር። የእናቱ ጀርባ ላይ ወጥቶ ተኛ፤ እርሷም እንዳይወድቅባት ያህል ሳትነቃነቅ ቆመች። እናቴ ነጠላዋን አገጯ ላይ አድርጋ ብዙ ጊዜ ተመለከተችው። «ለካ ጓያዬን የበላው ልጅ ያሳድግበት ኖሯል» አለች። ጥቂት ቈይታ ግን፥ «ቢሆንም የእኔንም ልጆች የሚያሳድገው ያው ጓያ ነበር» ብላ ጨመረች። እኔም ለዚህ መልስ አላገኘሁም።

ፀሓይ ስታዘቀዝቅ ወንዱ ልጅ ስልኬን ይዞ ፎቶግራፍ ለማንሣት ወደ ውሃው ወረደ። በቄጤማው መካከል የተረገጠ ደልዳላ መንገድ አግኝቶ በዚያ ሲሄድ፥ እናቴ «ተመለስ! የእነርሱ መንገድ ነው!» ብላ ጮኸች፤ በዚያ ዕድሜዋም ከሁላችን ቀድማ ደርሳ ክንዱን ጨብጣ ጐተተችው። እኔ መንገዱን ሰው ያወጣው መስሎኝ ነበር። በዚያው ሰዓት ትልቁ ጉማሬ ወደ እኛ ዞሮ አፉን እስከ መጨረሻው ከፈተ። የጉማሬ ማዛጋት የእንቅልፍ አይደለም፤ ማስጠንቀቂያ ነው። ወደ ዋርካው ተመልሰን ከተቀመጥን በኋላ፥ ሊመሽ ሲል፥ ያው ጉማሬ ልጄ በቆመበት መንገድ እየተንጐማለለ ወጣ። ባለቤቴ ልጁን አቅፋ አንድ ቃል አልተናገረችም።

አንባቢ ሆይ፥ ከዚያን ቀን ወዲህ የእናቴን ነገር አስባለሁ። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ተብሎ ተመዝግቧል። ነገር ግን የሐይቁ ዳር ረግረግ እየታረሰ፥ ደንገሉም እየታጨደ ሄዷል፤ ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የታየው እንቦጭ ደግሞ ዳርቻውን ሸፍኖት ሰንብቷል። ጉማሬው የሚግጠው ሣር ባነሰ መጠን ወደ እርሻው ይመጣል፤ ገበሬውም እንቅልፍ አጥቶ ያድራል። ስለ እንስሳው ጥበቃ የምንጽፍና የምናቅድ ሰዎች፥ በጐጆ ውስጥ እሳት አንድዶ የሚያድረውን ሰው ካልጠየቅነው ግማሹን ብቻ ነው የምናውቀው። ልጄን ያዳነው የእኔ የመጽሐፍ ዕውቀት ሳይሆን የእናቴ የሌሊት ዕውቀት ነውና።

እርስዎም አንድ እሑድ ሥራ ቢያጡ ቤተሰብዎን ይዘው በአቅራቢያዎ ወዳለው ወንዝ ይሂዱ። ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም፤ ቡናና ዳቦ፥ ከሁሉም በላይ ትዕግሥት ይበቃል። ከፍ ያለ ቦታ ይምረጡ፤ ዝም ብለው ይቀመጡ፤ በእንስሳውና በውሃው መካከል ከቶ አይቁሙ፤ ሳይመሽም ይመለሱ። ከተቻለ ደግሞ አንዲት አሮጊት እናት ይዘው ይሂዱ።

ልጄ ማታውኑ ሥዕሏን አርማ ሣለች። ቀንዱ ጠፍቷል፤ በጀርባው ላይ ግልገል አለ። ከዳር ደግሞ እሳት ያነደደች አንዲት ሴት ተቀምጣለች።