ሁለት ማርሽ

ለስንዴ ዘር ወቅት ከባንክ ሥራዬ ፈቃድ ወስጄ ወደ አርሲ ሄድሁ። የአባቴ ትራክተር ማሲ ፈርጉሰን 135 ነው፤ ይህ ሞዴል መመረት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1964 ሲሆን የእኛው ከእኔ በዕድሜ ይበልጣል።

ደመናው የጭላሎን ተራራ ሲሸፍን ቸኮልሁ፤ ፍሪሲዮኑን በቅጡ ሳልረግጥ ማርሽ ቀየርሁ። የማርሹ ዘንግ ደርቆ ቀረ። በጉልበት ልታገለው ስል አባቴ እጄን ያዘና «ተው ልጄ፤ ሁለት ማርሽ ባንድ ጊዜ ገብቶ ነው» አለኝ።

ክዳኑን ፈታን። ከቦታቸው የሸሹትን ተንሸራታች ብረቶች ሊመልስ ካቻቢቴ አነሣ፤ እጁ ግን ተንቀጠቀጠ። ሳይናገር ለእኔ አቀበለኝ።

ጎድጎዶቻቸውን በአንድ መስመር አሰልፌ ክዳኑን መልሰን ስናስር ዘንጉ ታዘዘ። አባቴ ወንበሩን ለረጅም ጊዜ ተመለከተና «አንተ ንዳው» አለኝ።

ፈቃዴ ሊያልቅ ሁለት ቀን እንደቀረው አልነገርሁትም።