ለፈተና የሚዘፈን ዘፈን ስለ መምረጥ

ሴት ልጄ የቴያትር ተጫዋች ናት። የምትኖረው በአሜሪካ አገር በኒውዮርክ ከተማ ነው፤ ሙያዋም ታሪኩ በንግግርና በዘፈን እየተቀላቀለ የሚቀርብበት፥ እነርሱ ሙዚቃል የሚሉት የቴያትር ዓይነት ነው። ይህን ሥራ ከያዘች ዓመታት አልፈዋል። እኔ በመምህርነት አርባ ዓመት ያህል የኖርሁ ሰው ነኝ፤ ከሙዚቃ ጋራ ያለኝ ዝምድናም በሚሲዮን ትምህርት ቤት ከተማርሁት መዝሙርና ኖታ አያልፍም። ስለማላውቀው ሙያ ደፍሬ መጻፌ፥ በ2015 ዓ.ም. በጥር ወር ልጄን ልጠይቅ ሄጄ ሳለ ከእርሷ ጋራ ስለ አንድ ዘፈን ስለ ተከራከርሁና በክርክሩም ስለ ተረታሁ ነው።

አስቀድሜ የሙያውን ልማድ ልንገራችሁ። በእኛ ዘንድ ሰው አንድ ጊዜ ተፈትኖ ሥራ ከያዘ ፈተናው አበቃ ማለት ነው፤ እኔን በየዓመቱ መምህር መሆንህን አሳየን ያለኝ አልነበረም። በዚያ ሙያ ግን አንዱ ቴያትር ታይቶ ሲያልቅ ተጫዋቹ ሥራ ፈት ይሆናል፤ ለሚቀጥለውም እንደ ጀማሪ ቆሞ ይፈተናል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1913 ዓ.ም. የተመሠረተ የተጫዋቾች ማኅበር አላቸው፤ ዳሩ ግን ማኅበሩ መብታቸውን ይጠብቅላቸዋል እንጂ ሥራ አያድላቸውም። ስለዚህ ጧት በጨለማ ተነሥቶ፥ ተመዝግቦ፥ ኮሪደር ላይ ተቀምጦ ተራን መጠበቅ ነው። ተራው ሲደርስ የሚገባበት ክፍል በአንድ ወገን ጠረጴዛና ከኋላው ሁለት ሦስት ሰዎች፥ በሌላው ወገን ፒያኖና ፒያኖ መቺ ያሉበት ነው። ፒያኖ መቺው ተፈታኙን አያውቀውም፤ የዘፈኑን ወረቀትም የሚያየው ገና ያን ጊዜ ነው። የሚዘፈነውም ሙሉው ዘፈን አይደለም፤ ብዙ ጊዜ 16 ባር ወይም 32 ባር ብቻ ነው። ባር የሚሉት በኖታ ወረቀት ላይ በሁለት የቁም መስመሮች መካከል ያለውን ክፍል ነው። 16 ባር ብዙውን ጊዜ አንድ ደቂቃ እንኳ አይሞላም። የብዙ ዓመት ልምድ በዚያች ደቂቃ ውስጥ መታየት አለበት!

ከዚህም የተነሣ እያንዳንዱ ተጫዋች የሚፈተንባቸውን ዘፈኖች በአንድ ማኅደር ሰብስቦ በሄደበት ሁሉ ይዞ ይዞራል።

አንድ ማታ እራት ከበላን በኋላ ልጄ ማኅደሯን በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ታወጣ ጀመር። በሚቀጥለው ሳምንት በአንድ ቴያትር የእናትን ቦታ ይዞ ለመጫወት ልትፈተን ነበር። ካወጣቻቸው ወረቀቶች አንዱን አወቅሁት። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1943 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ ከታየው ‹ኦክላሆማ› ከተባለው ቴያትር የተወሰደ፥ ሎሪ የምትባል የገጠር ልጃገረድ ስለ ፍቅር የምታልምበት ዘፈን ነው። ልጄ በሃያ አንድ ዓመቷ የመጀመሪያ ሥራዋን ያገኘችው በእርሱ ነበር። ያን ጊዜ በካሴት ቀድታ ላከችልን፤ እናቷና እኔም እንግዳ በመጣ ቍጥር፥ እንግዳው ቢወድም ባይወድም እናሰማው ነበር።

«ይህንን ደግሞ ለምን አወጣሽው?» አልኋት።

«ዕድሜዬ አለፈበት፥ አባዬ።»

«የተመሰገንሽበት ዘፈን አይደለም ወይ? ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል ሲባል አልሰማሽም?» ብዬ ተቈጣሁ። በሚሲዮን ያደገ ሰው በዚህ ምሳሌ መከራከሩ ሳያስቃችሁ አይቀርም።

እርሷ ግን አልመለሰችልኝም። ልጆቿ ተኝተው ስለ ነበር ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ዘፈኑን ዘፈነችው። ከዜማው አንድም የጐደለ አልነበረም፤ ከፍ የሚለውንም ቦታ ሳትቸገር ወጣችው። ነገር ግን ከፊቴ የቆመችው አርባ ሊሞላት ጥቂት የቀራት፥ የሁለት ልጆች እናት ነበረች። የልጃገረዲቱን መሽኰርመም ታውቀዋለች፤ በውስጧ ግን የለም። በተማርሁበት ቤት ደጋግሞ የተነበበ ጸሎት እንዲህ ይሆን ነበር፤ ቃሉ አንዱም ሳይሳት ልብ ሌላ ቦታ ይሆናል። ዘፍና ስትጨርስ «ሰማህ?» አለችኝ። ሰምቼ ነበር። ዳሩ ግን «ምንም አላጐደልሽም» አልሁ።

እውነተኛው ምክንያቴ ሌላ ነበር። እናቷ ካረፈች ሦስት ዓመት ሆኗት ነበር። ያን ዘፈን ቃሉን ሳታውቅ፥ ሽሮ ስታማስል ዜማውን ብቻ ታንጐራጕረው ነበር። ልጄ ወረቀቱን ከማኅደሩ ስታወጣው፥ እኔ ከቤት ሌላ ነገር ሲወጣ ያየሁ መሰለኝ። ይህን ግን አልነገርኋትም፤ ስለ ሙያው የማውቅ መስዬ ተከራከርሁ እንጂ።

ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ከብዙ ዘመን በፊት በአንድ የክፍለ አገር ትምህርት ቤት ሳስተምር የነበረ አንድ ልጅ ትዝ አለኝ። ዕድሜው ዐሥራ ሁለት ያህል ነበር፤ በወላጆች ቀን ብቻውን ቆሞ በቀጭን ድምፁ ሲዘምር ሰው ሁሉ አደነቀ። በዓመቱ ድምፁ ይጐረንን ጀመር። «ጋሼ፥ እባክዎ ሌላ ዝቅ ያለ መዝሙር ይስጡኝ» ብሎ ለመነኝ። እኔ ግን ባለፈው ዓመት የተመሰገንሁት በዚያ መዝሙር ነበርና፥ ልብ በሉ፥ የተመሰገንሁት እኔ ነበርሁ፥ «ትችለዋለህ» ብዬ አቆምሁት። በሁለተኛው ስንኝ ላይ ድምፁ ተሰበረ። ተማሪው ሁሉ ሳቀበት፤ እናቱም በዚያ ተቀምጣ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ትምህርት ቤቱን እስኪለቅ ድረስ በመዝሙር ሰዓት ከንፈሩን ብቻ ያንቀሳቅስ ነበር። ይቅርታ አልጠየቅሁትም፤ መምህር ተማሪውን ይቅርታ አይጠይቅም ብዬ አምን ነበርና።

በማግሥቱ ስለዚህ ልጅም ስለ እናቷም ለልጄ ነገርኋት። «የእማዬን ነገር እኔም አውቄዋለሁ» አለችኝ፤ «በነዚህ ሦስት ዓመታት አራት ጊዜ አውጥቼ መልሼ አስገብቼዋለሁ።»

ከዚያ በኋላ ክርክሩን ትቼ ወረቀት አቀባይ ሆንሁ። ልጄም በመጀመሪያ ወደ ማዶው ጉድጓድ ወደቀች። ማንም ሰምቶት የማያውቅ፥ ምቱ የሚወላገድ፥ የፒያኖው ኖታ እንደ ጕንዳን የተርመሰመሰ ዘፈን መረጠች። እርሱን ይዛ ድምፅ ወደምታሠለጥናት አሮጊት መምህርት ሄደች፤ እኔም ተከትያት ሄድሁ። ሴትዮዋ ጥቂት ካዳመጠች በኋላ «ለማን ነው የምትናገሪው?» ስትል ጠየቀቻት። ልጄ መልስ አጣች። ሴትዮዋም ፒያኖ መቺው ገና ሦስተኛው ባር ላይ እንደሚሰጥም፥ ተፈታኟንም ይዟት እንደሚሰጥም ነገረቻት። ከርሟ እንደ ነበረች እናንተ ወጣቶች እንደምታደርጉት ሁሉ፥ ልጄም አዲስነትን ከብርቅነት ጋራ አደባልቃው ነበር።

መምህርቲቱ በዚያ ቀን አንድ ታሪክ አስታወሰቻት። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1973 ዓ.ም. ‹ኤ ሊትል ናይት ሚዩዚክ› የተባለው ቴያትር በኒውዮርክ ሲታይ የዋናይቱን ሴት ቦታ የያዘችው ግሊኒስ ጆንስ ነበረች፤ ዕድሜዋም 49 ነበር። ድምፅዋ የጠራ ቢሆንም ቃናውን ረዥም ጊዜ ይዞ የማቆየት ዐቅም አልነበረውም። የዜማው ደራሲ ስቴፈን ሶንድሃይም ይህን እንደ ነውር አልሸፈነውም፤ ‹ሴንድ ኢን ዘ ክላውንስ› የተባለውን ዘፈን በአጫጭር ሐረግ፥ መተንፈሻውን እያበዛ ጻፈላት። ያ የትንፋሽ ማጠርም ጊዜው ያለፈባትና ፍቅሯ ያመለጣት ሴት የምትናገረው ንግግር ሆኖ ተሰማ። እርሷ በዚያው ዓመት ቶኒ የሚባለውን የቴያትር ሽልማት ተሸለመች፤ ዘፈኑንም ፍራንክ ሲናትራን የመሰሉ ድምፃውያን ዘፈኑት። ይሁን እንጂ ዛሬ ይህንኑ ዘፈን ለፈተና ይዞ መግባት ብልኅነት አይደለም። ከጠረጴዛው ኋላ ያሉት ሰዎች እጅግ ብዙ ጊዜ ሰምተውታልና፥ ተፈታኟን ትተው የቀድሞዎቹን ዘፋኞች ያስታውሳሉ።

ልጄ በመጨረሻ የመረጠችው ሕዝብ ሳይወደው ቶሎ ከተዘጋ አንድ የቆየ ቴያትር የተገኘ፥ አንዲት እናት የምትዘፍነው ዘፈን ነው። ዘፈኑ ከልጄ ዕድሜ ይበልጣል፤ ለእርሷ ግን አዲስ ነው። ከምትፈተንበት ቴያትር የተወሰደ አይደለም፤ ካልተጠየቁ በቀር ከዚያው መዝፈን አይወደድም፤ ነገር ግን ጠባዩ ይቀራረባል። የድምፁ ከፍታ ጕንፋን በያዛት ጧት እንኳ የምትደርስበት ነው፤ ባማረ ቀን ብቻ የሚገኝ ድምፅ ለፈተና አይታመንም። ከሁሉ ይልቅ ደግሞ በዚያች በ16ቱ ባር ውስጥ ሴትዮዋ አንድ ነገር ትወስናለች፤ ስትጀምርና ስትጨርስ አንድ ሰው አይደለችም።

ከዚያ የቀረው የእጅ ሥራ ነበር። ወረቀቱን በሁለት ፊት አባዝታ፥ መጀመሪያውንና መጨረሻውን በጕልህ ምልክት አድርጋ፥ ገጽ መገልበጡ እንዲቀንስ አሰናዳችው። ለፒያኖ መቺው ፍጥነቱን ለማሳየት ጣት ማንኳኳት ነውር ነው፤ ከመጀመሪያው ስንኝ ጥቂት ቃል ዝቅ አድርጎ ማንጐራጐር ይበቃል። ወጥቶ ሲሄድም እርሱን ማመስገን ይገባል። እኔ ይህን ስሰማ ደስ አለኝ፤ በክፍሉ ውስጥ ላለው ዝቅተኛ ሰው የሚደረግ አክብሮት የት እንደሚታይ አውቃለሁና።

በፈተናው ቀን ከሕንፃው ሥር ባለ ቡና ቤት ተቀምጬ ጠበቅኋት። ከሁለት ሰዓት በላይ ቆየች፤ ከዚያ ውስጥ በክፍሉ የነበረችው ሦስት ደቂቃ ያህል ነው። እንዴት ሆነ ብላት «ፒያኖ መቺው ጥሩ ሰው ነው» አለችኝ። ጥቂት ቆይታም «አንደኛዋ ሴትዮ መጻፏን ትታ ቀና አለች» አለችኝ።

የእናቲቱ ቦታ ለሌላ ተሰጠ። ልጄ ሁለት ቀን ያህል ዝም ብላ ሰነበተችና በሚቀጥለው ማክሰኞ ያንኑ ዘፈን ይዛ ወደ ሌላ ፈተና ሄደች።

የአሮጌውን ዘፈን ወረቀት ለምኜ ወደ አገሬ ይዤው መጣሁ። ፒያኖ የለኝም። ኖታ ማንበቡን ግን ገና አልረሳሁትምና፥ አልፎ አልፎ ሽሮው እስኪበስል ድረስ ዜማውን በጣቴ እየተከተልሁ አንጐራጕረዋለሁ።