ስለ 162 ቀን

በሰው አገር የሚኖር ሰው እንጀራው ብቻ ሳይሆን የመኖሩ ፈቃድ ራሱ በአሠሪው ስም ላይ ተንጠልጥሎ የሚገኝበት ጊዜ አለ። ይህን ለባቲ ሰው መንገር ለቀባሪ ማርዳት ነው። በሰኞ ገበያችን አፋሩ፣ ኦሮሞውና አማራው ተሰብስቦ ስለ ግመልና ስለ እህል ዋጋ ሲነጋገር፣ በመካከሉ «ካፊል» እና «ኢቃማ» የሚሉት የዐረብ ቃላት ይሰማሉ። ከተማችን ከኮምቦልቻ ወደ ሚሌ በሚወርደው መንገድ ላይ ስለ ተቀመጠች፣ ብዙ ወጣቶች በዚሁ አድርገው በአፋር በረሃ፣ በጅቡቲና በየመን ተሻግረው ሳዑዲ ዐረቢያ ገብተዋል። በ2006 ዓ.ም. በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 የሚበልጡ ወገኖቻችን ከዚያ አገር ሲመለሱ፣ ከመካከላቸው ከአሠሪያቸው ስለ ተለዩ ብቻ ወረቀታቸው የወደቀባቸው ነበሩ። በዚያ አገር ለቤት ሠራተኛና ለእረኛ፣ ዓመታት ቢቆጠሩም፣ ወደ ቋሚ ነዋሪነት የሚያደርስ መንገድ አልተሠራም።

ዛሬ የምንነግራችሁ ግን መንገዱ ወዳለበት አገር፣ ወደ አሜሪካ፣ ስለ ሄዱ አንድ ካህንና ስለ እኛ ስለ ራሳችን ድካም ነው።

ባልንጀራችን ከእኛ ጋር በአንድ ጉባኤ ቤት ቅኔ የቆጠሩ፣ ኋላም እዚሁ ባቲ ለዓመታት የቀደሱ ናቸው። እኛ ከዲቁና ወደ ዘመናዊው ትምህርት ቤት አዘንብለን መምህር ስንሆን፣ እሳቸው በክህነቱ ጸኑ። በኅዳር 2012 ዓ.ም. በአሜሪካ የሚገኝ አንድ ደብር አሠሪያቸውና ዋሳቸው ሆኖ ስላስጠራቸው፣ እናታቸውን፣ ባለቤታቸውንና ሁለት ልጆቻቸውን ባቲ ትተው ሄዱ። የተሰጣቸውም «አር ዋን» የሚባለው፣ ለሃይማኖት አገልጋዮች የተለየው ፈቃድ ነበረ፤ ዕድሜውም ቢበዛ አምስት ዓመት ነው። በነዚህ ዓመታት ውስጥ ግን አንድ በር አለ። አገልጋዩ ሁለት ዓመት ሳያቋርጥ ካገለገለ፣ ደብሩ ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ያገኝ ዘንድ ሊያመለክትለት ይችላል፤ ፈቃዱ ሲሰጥም ሚስቱና ልጆቹ ይከተሉታል። የዚያ ቤት ተስፋ ሁሉ በዚህ በር ላይ ነበረ።

በነሐሴ 2013 ዓ.ም. በደብሩ አስተዳደር መካከል ክርክር ተነሥቶ ምእመናኑ በሁለት ተከፈሉ። የባልንጀራችን ሥራም ደመወዝም ከጳጉሜን 1 ቀን ጀምሮ ቆመ። ሌላ ደብር እስኪቀበላቸውና መንግሥትም ለአዲሱ አሠሪ እንዲሠሩ እስኪፈቅድላቸው ድረስ የካቲት 7 ቀን 2014 ዓ.ም. መሸ። በዚያ መካከል በአንድ ወዳጅ ቤት ተጠግተው፣ የሰው እንጀራ እየበሉ፣ ወደ ባቲ አንዲት ሳንቲም ሳይልኩ ቆዩ። «ኤች ዋን ቢ» በሚባለው ፈቃድ ለሚሠሩ ባለሙያዎች፣ ሥራ ቢቋረጥባቸው እስከ 60 ቀን የሚደርስ ፋታ ከጥር 2009 ዓ.ም. ጀምሮ ተደንግጎላቸዋል፤ በዚያ ድንጋጌ ውስጥ ግን የካህናቱ ፈቃድ አልተጠቀሰም።

በመጋቢት 2015 ዓ.ም. መጨረሻ የአሜሪካ መንግሥት አንድ ማስታወቂያ አወጣ። ካህናት በሚቆሙበት ተራ በዓመት ወደ 10,000 ሰው ገደማ ብቻ ያልፋል፤ በዚህ ተራ ውስጥ ከሦስት የመካከለኛው አሜሪካ አገሮች የመጡ፣ አብዛኞቹ ወላጅ የጣላቸው ልጆች የሆኑ ብዙ አመልካቾች ከሌላው ጋር አብረው እንዲቆጠሩ ተወሰነ። ተራውም በአንድ ጊዜ ረዘመ። ቀድሞ ያመለከተ ቀድሞ ይደርሰዋልና፣ ሁሉም ቶሎ ለማመልከት ተጣደፈ።

በዚያው ሳምንት፣ ሁዳዴ ገና ሳይፈታ፣ የባልንጀራችን እናት እማሆይ በልጅ ልጃቸው ስልክ የተላከውን መልእክት ይዘው ከቤታችን መጡ። በአሜሪካ ገንዘብ እየተቀበለ ቅጽ የሚሞላ፣ ነገር ግን ጠበቃ ያልሆነ አንድ ሰው ለልጃቸው ምክር ሰጥቷቸዋል። ሕጉ አገልጋዩ ከሥራው ያረፈው ለተጨማሪ የሃይማኖት ትምህርት እንደ ሆነ፣ የአገልጋይነት ቅጥሩም እንዳለ ከሆነ፣ ክፍተቱን እንደ መቋረጥ አይቆጥርም። ስለዚህ «ከመስከረም እስከ ጥር 2014 ዓ.ም. ከባቲ መምህር ዘንድ በስልክ የመጻሕፍት ትርጓሜ ሲማሩ ነበር» የሚል ደብዳቤ ከደብራችን ቢመጣ፣ ሁለቱ ዓመት ሞልቶ ዛሬውኑ ማመልከት ይቻላል አላቸው። እኛ በዚያን ጊዜ የሰበካ ጉባኤው ጸሐፊ ነበርንና ማኅተሙ በእጃችን ነበረ።

እማሆይም «ልጄ፣ አንተ ቀለም የገባህ ነህ፤ አምስት ወር ምን አላት? በጦርነቱ ስንት መዝገብ ጠፍቶ የለምን? ማን ይመረምረዋል? እነዚህን ልጆች ከአባታቸው አገናኛቸው» አሉን። እሺ ብለን ሸኘናቸው።

ውድ አንባብያን፣ ያን ሌሊት ደብዳቤውን መጻፍ ጀመርን እንጂ እንቢ አላልንም። ስለ ወዳጅ መዋሸት ስለ ራስ ከመዋሸት ይልቅ ቀላል መስሎ ይታያልና፣ ምሕረት ነው ብለን ራሳችንን አሳመንን። የመምህሩን ስም ጻፍን፤ የትምህርቱን ዐይነት ጻፍን። ወራቱን በየተራ ልንዘረዝር «ጥቅምት፣ ኅዳር» ብለን ስንደርስ ግን ብዕራችን ቆመ።

ኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ባቲ የደረሰበት ወር ነው። ትምህርት ቤታችን ተዘግቶ፣ ስልኩ ተቋርጦ፣ ግማሹ ሰው ወደ ቆላው ወርዶ ነበረ። በደብዳቤው ላይ አስተማሪ ያደረግናቸው አረጋዊ መምህር በዚያ ወር በስደት ላይ ነበሩ፤ መጽሐፋቸውን በአገልግል ደብቀው እንደ ሄዱ በዐይናችን አይተናል። በዚያ ወር ባቲ ለማንም ትርጓሜ አላስተማረችም፤ ሙታኗን ትቀብር ነበረ። እኛ ግን በዚያው ወር ላይ ጸጥ ያለ ጉባኤ ዘርግተን፣ የሞቱትን እንዳልሞቱ፣ የተሰደዱትንም እንዳልተሰደዱ አድርገን ልናትም ተቀምጠናል። የሐሰት ምስክርነት በዐሠርቱ ቃላት መከልከሉን ለተማሪዎች ስናስተምር ሃያ ዓመት ሆኖናል፤ ትርጉሙ የገባን ግን ያን ሌሊት ነው። ወረቀቱን ቀደድነው።

በማግሥቱ ሌላ ደብዳቤ ጻፍን። ባልንጀራችን መቼ ክህነት እንደ ተቀበሉ፣ በደብራችን ስንት ዓመት እንዳገለገሉ፣ ጠባያቸውም እንዴት እንደ ነበረ መሰከርን፤ ስለ አሜሪካው ዘመን ያላየነውን አልጨመርንም። ለእሳቸው ብቻ በተጻፈው ወረቀት ደግሞ ቀኖቹን ቆጠርንላቸው። ጳጉሜን 5 ቀን፣ ከመስከረም እስከ ጥር አምስት ወር 150 ቀን፣ የካቲት 7 ቀን፤ ድምሩ 162። በፈረንጆቹም አቆጣጠር ከሴፕቴምበር 6 ቀን 2021 እስከ ፌብሩዋሪ 14 ቀን 2022 ያው 162 ሆነ። «ይህን ቁጥር ይዘው ፈቃድ ካለው ጠበቃ ዘንድ ይሂዱ» አልናቸው።

እማሆይ ይህን በሰሙ ጊዜ አልተቈጡም፤ ከዚያ የከፋ ሆነ፤ ዝም አሉን። በትንሣኤ በዓል ልማዳችን ከቤታቸው ማፈሰክ ነበረ፤ በዚያ ዓመት ግን አልጠሩንም።

በግንቦት መልስ መጣ። ባልንጀራችን ጠበቃ ዘንድ ሄደው ሁሉን ተናግረዋል። ጠበቃውም ያስረዳቸው ይህን ነው። በዚያ አገር ሕግ በሥራ በኩል ለቋሚ ነዋሪነት የሚያመለክት ሰው፣ ካህንም ጭምር፣ በሕግ ከገባበት ከመጨረሻው ቀን ወዲህ ከፈቃዱ ሥርዓት የወጣባቸው ቀኖች ተደምረው ከ180 ካልበለጡ፣ በዚያ ምክንያት ብቻ እዚያው ሆኖ ከማመልከት አይከለከልም። 162ቱ ቀን ከዚህ በታች ነው። ይሁን እንጂ የሁለቱ ዓመት አገልግሎት ከየካቲት 8 ቀን 2014 ጀምሮ እንደ ገና መቆጠር አለበት። ሐሰተኛው ደብዳቤ ቢቀርብና ቢታወቅ ግን ጉዳዩ ከክፍተት ወደ ማታለል ይሸጋገራል፤ ለዚህም ቅጣቱ በጠባብ ልዩነት ካልሆነ በቀር ዕድሜ ልክ ከዚያ አገር መከልከል ነው። ባቲ በዚያ ወር ስልክ እንዳልነበራትም ለማወቅ የወሩን ጋዜጣ መግለጥ ብቻ ይበቃ ነበረ።

እውነቱ ያለ ዋጋ አልቀረም። ማመልከቻው የገባው ከየካቲት 2016 ዓ.ም. በኋላ ነው፤ ስለዚህ በተራው ላይ አንድ ዓመት ወደ ኋላ ቀሩ። ተራው ሳይደርሳቸው አምስቱ ዓመት ሞላና፣ በዚያን ጊዜ በነበረው ደንብ መሠረት በኅዳር 2017 ዓ.ም. አገሩን ለቀው ባቲ ገቡ። ዛሬም ከእኛ ጋር ይቀድሳሉ፤ ማመልከቻቸው በስማቸው አለ፤ ተራው ግን አልደረሰም።

በተመለሱበት ሰሞን እማሆይ ጠርተውን ቡና ጠጣን። በመጨረሻ ቀስ ብለው «ልጄ፣ ያን ጊዜ ጽፈህ ቢሆን ኖሮ ይህን ልጅ ዛሬ አየው ነበርን?» አሉን። ምስጋና ይሁን ወቀሳ እስከ ዛሬ አልለየንም፤ እኛም መልስ አልነበረንም።

እንግዲህ ልጅ በውጭ ያላችሁ ወላጆች፣ ከዚህ የምንመክራችሁ ጥቂት ነው። ልጃችሁ ሥራ የጀመረበትንና ያቆመበትን ቀን በኢትዮጵያና በፈረንጅ አቆጣጠር ጽፎ ያኑር፤ የደመወዝ ወረቀቱን፣ የአሠሪውን ደብዳቤ፣ የግብሩን ደረሰኝ በየወሩ ያስቀምጥ። ዋሱ የተቋረጠበት ዕለት፣ ወር ሳይቆይ፣ ፈቃድ ያለውን ጠበቃ ይጠይቅ እንጂ ቅጽ ሞይውን አይመን። ከሁሉ ይልቅ ክፍተቱን በሐሰት ሙላ ብላችሁ አታስጨንቁት። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ አበው፤ ያልተሠራበት ወር ቢነገር ያስዘገያል፤ በሐሰት የተሞላ ወር ግን በሩን ይዘጋል።

በየአገሩ የተበተኑትን ወገኖቻችንን በደኅና ከቤተ ሰባቸው ያገናኝልን፤ ለሚጠብቁትም ትዕግሥቱን ይስጥልን።