የሙዝ ግንድ መርከበኞች

ጅማ ክረምት በሰኔ አይጀምርም። ሚያዝያ ላይ ይሞካክረዋል፣ ግንቦት ላይ ይለምዳል፣ ሐምሌ ሲገባ የቤቱ ባለቤት ይሆናል። በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የሚወርድበት አገር ነውና አዲስ አበቤ ዶፍ ብሎ የሚሸሸውን የጅማ ሰው ካፊያ ብሎ ያልፈዋል። በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ በኛ የልጅነት ዘመን፣ ክረምት ማለት ትምህርት ቤት ተዘግቶ፣ ኮንጎ ጫማ ጭቃ ውስጥ እየቀረ፣ የከተማው ወንዝ አዌቱ ሞልቶ ሌሊት በእንቅልፋችን ውስጥ ሲያጓራ ነበር። ለትልልቆቹ ግን ሌላ ክረምት ነበር። ቡናው ገና ዛፉ ላይ እንጭጭ ነው፣ የአምናው ገንዘብ አልቋል፣ ገበሬው ያልደረሰ ቡናውን አስይዞ ከነጋዴ የሚበደርበት ወራት ነው። አባቶቻችን ፊታቸውን ሲያጠቁሩ ምክንያቱ ዝናቡ ይመስለን ነበር።

የኛ ሥራ መርከብ መሥራት ነበር። ሙዝ አንዴ ካፈራ ግንዱ ስለማይጠቅም ባለቤቱ ራሱ ቆርጦ ይጥለዋል፤ እኛ የምንወስደው እሱ ሊጥለው ካሰበበት ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ ነው። ሦስት ግንድ ጎን ለጎን ይጋደማል። ጫፉ የሾለ የባሕር ዛፍ እንጨት ከዳር እስከ ዳር፣ ሦስቱንም በስቶ፣ አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ ይሰካል፤ ከዚያ በራሱ በሙዙ ልጥ ይጠፈራል። ግንዱ ውሃ ያዘለ ስለሆነ እንጨቱ ሲገባ ቅጭም እያለ ጭማቂ ይተፋል። ጭማቂው ልብስ ከነካ በሳሙናም በእንዶድም አይለቅም። እናቶቻችን ወንዝ መውረዳችንን የሚያውቁት በመራሳችን አልነበረም፤ መራስማ ዝናብ ነው ብለን እንዋሻለን። የምንያዘው ሸሚዛችን ላይ በደረቀው ቡናማ እድፍ ነበር።

ካፒቴን ነበረን። ካፒቴን የሆነው ዋና ስለሚችል ሳይሆን ገመድ ስለነበረው ነው። ከአዌቱ ድልድይ በላይ ተነስተን ውሃው እስከወሰደን እንወርዳለን፣ ውሃው ደግሞ ብዙ ጊዜ አንድ ጥግ ላይ ወትፎን ይሄዳል። የጦርነት ጨዋታም ነበረበት። የሰፈር ሽማግሌዎች የነገሩን ታሪክ አለ፤ ግንቦት 1933 መጨረሻ ላይ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ የሚገሠግሠው የእንግሊዝ ጦር አቤልቲ ሥር ሲደርስ ጣሊያን የኦሞን ድልድይ አፍርሶ፣ ማዶ መድፍ ጠምዶ ጠበቀው። በጦሩ ውስጥ ብዙ ናይጄሪያውያን ነበሩ። በትንንሽ ጀልባ የሞላውን ወንዝ ተሻገሩ፤ በዙሪያው ደግሞ እነ ገረሱ ዱኪ የሚመሯቸው አርበኞች ጣሊያንን መፈናፈኛ አሳጥተውት ነበር፤ ጅማም ሰኔ 14 ቀን ተያዘች። እኛ ናይጄሪያውያን ሆነን በሙዝ ግንድ ስንወርድ፣ ጣሊያን የመሆን ዕጣ የወጣበት ከዳር ሆኖ ጭቃ ይወረውርብናል። ጣሊያን መሆን የሚፈልግ ግን ብዙ ነበር። ደረቅ ነዋ።

ከወንዙ ላይ ሆነን የምናየው ጅማ ከመንገድ የሚታየው ጅማ አልነበረም። በመንገዱ በኩል ፈረንጅ አራዳ ነበር፣ ጣሊያን የተከለው ሲኒማ ቤትና ፖስታ ቤት፣ የነጋዴው ደጅ። በወንዙ በኩል ደግሞ ጓሮ። ዘይቱና፣ ጌሾ፣ እንሰት፣ ሰንበሌጥ። እንዶድ የሚወቅጡ፣ ልብስ ድንጋይ ላይ የሚወግሩ ሴቶች። የጓሮ በር ወደ ወንዙ ይከፈት ስለነበር ከተማው ሁለት ፊት ነበረው ማለት ነው። ስናልፍ ሴቶቹ ማን የማን ልጅ እንደሆነ ያውቃሉ፤ ከኛ ቀድሞ ወሬው ቤታችን ይደርሳል።

ይህን ሁሉ ያስታወሰኝ በርሚንግሃም የሚኖረው የእህቴ ልጅ ነው። ባለፈው የፈረንጅ ክረምት ከጓደኞቹ ጋር ጀልባ ተከራይተው በከተማው ቦይ ለቦይ የተጓዙበትን ቪዲዮ ላከልኝ። ጀልባው ወርዱ ሁለት ሜትር ብቻ፣ ቁመቱ ግን እንደ አውቶቡስ የሚረዝም፣ ጭስ ማውጫ ያለው የብረት ቤት ነው። ፍጥነቱ ከእግረኛ እምብዛም አይሻልም፤ ሕጉም በሰዓት ከስድስት ኪሎ ሜትር ብዙ አያስኬድም። ቦዮቹ የተቆፈሩት ከ200 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል፣ ለድንጋይ ከሰል ማመላለሻ ነበር፤ ባቡር መጥቶ ሥራ አሳጣቸው፣ ለረጅም ጊዜ ቆሻሻ መጣያ ሆኑ፣ አሁን ተጠርገው መዝናኛ ናቸው። "ጋሼ፣ ከተማው ጀርባውን ነው የሚያሳይዎት" አለኝ፣ አዲስ ነገር እንደነገረኝ። ለዚህኛው ጀርባ ግን በፓውንድ ከፍለውበታል።

በዚያው ዓመት ሐምሌ ጅማ ሄድኩ። ከአዲስ አበባ ስድስት ሰባት ሰዓት ይፈጃል፤ ድሮ የቡና መኪና ላይ ተለምኖ ተጭኖ ሲሄድ የሚፈጀውን መቁጠር አያስፈልግም። አዌቱን በእግሬ ወረድኩት። ከተማው ወደ ወንዙ ተመልሷል፤ ይህን መካድ አይገባም። የኮሪደር ልማት ገብቷል፣ ዳርቻው በድንጋይ ተነጥፏል፣ አግዳሚ ወንበር አለ፣ ማታ መብራት ይበራል። ሙሽሮች ፎቶ ይነሳሉ። ልጆች አጥሩን ተደግፈው ውሃውን ያያሉ። አንዱን "አትገቡበትም?" አልኩት። "ፋዘር፣ ያሽታል እኮ" አለኝ፣ በትህትና፣ ከሩቅ አገር የመጣ ሰው እንደሚያነጋግር።

ካፒቴናችንን አገኘሁት። ወንዙ አጠገብ ፎቅ አለው፣ የምድር ቤቱን ሱቆች ያከራያል፣ ወገቡን ያመዋል። ሰገነቱ ላይ ተቀምጠን ቡና ስንጠጣ ከታች፣ ከግንቡ ሥር፣ አንድ ወፍራም ግራጫ ቱቦ ወደ ወንዙ አፉን ከፍቶ አየሁ። ምንም አላልኩም ነበር፣ ዓይኔን ተከትሎ ደረሰበት።

"ምን ታያለህ? ያኔስ ወንዙ ውስጥ ስንሸና አልነበረም?"

"እኛ ስንት ሆነን ነው?"

"አሁን ደግሞ ሥርዓት ባለው ቧንቧ ነው" ብሎ ሳቀ። ከዚያ ትንሽ ቆይቶ፣ ሳልጠይቀው፣ የጎረቤቱ ቱቦ ከእሱ እንደሚሰፋ ነገረኝ።

ማታ ማረፊያዬ ገብቼ ዝናቡ ሲወርድ መብራት ጠፋ። የእንግዳ መቀበያው ልጅ ሻማ ይዞ መጣና "ዝናብ ሲሆን እንዲህ ነው ጋሼ" አለኝ። ሻማዬን ይዤ ዝናቡ ምን ምን እየሠራ እንዳለ አሰብኩ። የጅማ ዝናብ በአዌቱና በሌሎቹ ጅረቶች ቦዬ ረግረግ ይገባል፣ ከዚያ ግልገል ግቤ። ግልገል ግቤ በ1996 ተገድቦ 184 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ ሆኗል። ከዚያ የወጣው ውሃ በ26 ኪሎ ሜትር ዋሻ ተራራ ሰንጥቆ ኦሞ ሸለቆ ይወርድና ሌላ 420 ሜጋ ዋት ያመነጫል፤ ዋሻው ጥር 2002 ተመርቆ ወሩ ሳይሞላ ከውስጡ መደርመሱን የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ቀጥሎ ታኅሣሥ 2009 የተመረቀው ግቤ ሦስት፣ 1,870 ሜጋ ዋት። ውሃው ይህን ሁሉ ሠርቶ ነው ቱርካና ሐይቅ የሚገባው። ያኔ ግንዳችን አንድ ጥግ ባይወተፍ ኖሮ፣ ፏፏቴው ከማረው፣ ኬንያ ድንበር ድረስ የሚያስቆመው አልነበረም። ዛሬ የመጀመሪያው ግድብ ባለበት ደነባ ላይ ይያዛል። ከጅማ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ያለችው አጋሮ ደግሞ ዝናቧ በዴዴሳ በኩል ወደ ዓባይ ነው። አንድ ደመና፣ አንድ የቡና አገር፣ የአንዱ ጠብታ ቱርካና የሌላው ሜዲትራኒያን። እኔ ግን ሻማዬ እንዳያልቅ ቶሎ ተኛሁ።

ቦዬ በልጅነታችን የዓለም መጨረሻ ነበር። ጉማሬ አለበት፣ ከዚያ ወዲያ ልጅ አይሄድም። ረግረጉ እንደ ስፖንጅ ነበር፤ የከተማውን ጎርፍ ይመጥጥና ቀስ ብሎ፣ አጣርቶ ይለቃል። አሁን ከዳር ከዳር ባሕር ዛፍ ገብቶበታል፤ ባሕር ዛፍ ደግሞ መጠጣት ያውቃል። ሸክላው አፈር ለጡብ ይቆፈራል፣ የተቆፈረው ጉድጓድ ውሃ ቋጥሮ ይቀራል። ሠሪዎቹን መውቀስ አልቻልኩም። በጡቡ የሚሠራው ፎቅ ከተማ ውስጥ ነው፣ ቱቦውም ወደዚሁ ይመለሳል።

ከቡና ወረዳዎች የሚመጣው ሌላ ጣጣ ነው፣ እሱን በክረምት ማየት አይቻልም። እሸት ቡና የሚታጠበው ከመስከረም በኋላ ነው፤ ቀዩ ፍሬ በማሽን ይፈለፈላል፣ ያ የሚያንሸራትተው ልጋጉ እስኪለቅ ገንዳ ውስጥ ይብላላል፣ ከዚያ በብዙ ውሃ ይታጠባል። ጣፋጩና ጎምዛዛው እጣቢ ለረጅም ዘመን ወንዝ ነው የገባው፣ ያውም ወንዙ በሚያንስበት ወራት። ኅዳር ላይ የጠቆረው ጅረት ሐምሌ ላይ ሞልቶ ሲደፈርስ የማን ጥፋት የማን እንደሆነ አይለይም። ክረምት ለዚህ ይመቻል። በደጉ ዘመን ወንዝ ንጹህ ነበር የምንል የኔ እድሜ ሰዎች ግን የእጥበት ጣቢያ ያኔም እንደነበረ እንዘነጋለን፤ ልዩነቱ የጣቢያው ቁጥር ማነሱ ነው።

ስመለስ ደነባ ላይ ወረድኩ። ግድቡ የፈጠረው ሐይቅ ከመንገዱ ይታያል፤ ያ ሁሉ የእርሻና የግጦሽ መሬት ነበር፣ ሰው ተነስቶበታል። ዓሣ አስጋሪዎች ዳር ላይ ቆሮሶ ደርድረው ይሸጣሉ። አንድ ወጣት መረቡን እየፈታ ነበር፣ አጠገቡ ሄጄ ተቀመጥኩ። መረቡ ላይኛው ጠርዝ፣ ክንድ ክንድ እየተራራቀ፣ ክዳኑ የጠበቀ ባዶ ሃይላንድ ታስሮበታል። እንዳይሰጥም ነው። የሁሉም ውሃ ነጋዴ ጠርሙስ ነበረበት፤ ያንዱ ወረቀት ገና አልተላጠም።

"ይሄን ሁሉ ሃይላንድ ከየት ትገዛላችሁ?"

"አንገዛም ጋሼ። ዝናብ ሲሆን ይመጣል።" በአገጩ ወደ ላይ፣ ወደ ጅማ አመለከተኝ። "እናንተ ናችሁ የምትልኩልን።"

አራት ቆሮሶ መርጦ፣ ሆድ ዕቃቸውን አውጥቶ፣ ሐይቁ ውስጥ አለቅልቆ፣ በጥቁር ፌስታል ቋጠረልኝ። ሒሳቡን ከፍዬ ተቀበልኩት፤ የሚኒባሱ ረዳት እየተጣራ ነበር።